ጠይቁኝ፦ የወታደር ሄልሜት ምን ያቆማል፣ ምን አያቆምም?

ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። አሜሪካ ጦር ውስጥ ለዓመታት የስንቅና ትጥቅ ሰው ነበርኩ። ተኳሽ አልነበርኩም። ሥራዬ መስኮት ላይ ቆሜ ጫማ፣ የመኝታ ከረጢትና ሄልሜት ማደል፣ የተበላሸውን ተቀብዬ መፈረም ነበር። ባለፈው እትም ስለ ወታደር ጫማ ከጻፍኩ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች ከእግር ወደ ራስ ወጥተዋል። እሺ፣ ዛሬ የራስን ጉዳይ እንጨርሰው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ጨርሳ ጦሩን ተቀላቀለች። አሁን ፎርት ጃክሰን ሥልጠና ላይ ናት። የላከችልኝን ፎቶ ሳየው ሄልሜቱ ዓይኗ ላይ ወርዶ ግማሽ ፊቷን ሸፍኗል። በዚያ ላይ አንድ ዘመዳችን ‹ይሄ እኮ ክላሽ አያቆምም› ብለው እንቅልፍ ነሱኝ። ኢንተርኔት ላይ በ600 ዶላር የተሻለ አለ ይሉኛል። ገዝቼ ልላክላት?» — እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎት። 600 ዶላርዎን ግን ይዘው ይቆዩ። ቢልኩላትም አታደርገውም። ሥልጠና ላይ ያለ ምልምል ጦሩ ከሰጠው ውጭ ሌላ ሄልሜት አይፈቀድለትም።

ዘመድዎ አልዋሹም። የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የነገሩዎት። ሄልሜት ከጅምሩ ለጠመንጃ ጥይት ተብሎ የመጣ ዕቃ አይደለም። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የፈረንሳይ ወታደር የጨርቅ ቆብ፣ የጀርመኑ ደግሞ አናቱ ላይ ሹል ያለው የቆዳ ቆብ አድርጎ ነበር የዘመተው። ከዚያ ሁሉም ምሽግ ገባ። ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው ትልቁ ጠላት ከላይ የሚፈነዳ መድፍ ነው። ፍንጣሪው እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ መጀመሪያ የሚያገኘውም ራስን ነው። ፈረንሳዮች በ1915 አድሪያን የተባለውን የብረት ቆብ አወጡ። ስሙ የመኮንኑ የኦጉስት ሉዊ አድሪያን ነው። የብረቱ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የጠመንጃ ጥይት በቀጥታ ቢመጣ በስቶት እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቅ ነበር። ግን ፍንጣሪና የሚረጨውን ድንጋይ ይመልሳል፤ የተፈለገውም ለዚያ ነው። እንግሊዞች በዚያው ዓመት ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለውን ብሮዲን አመጡ። ጀርመኖች በ1916 ጆሮና ማጅራት የሚሸፍነውን አስከተሉ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራበት ነገር ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

የክላሹ ጉዳይ ሒሳብ ነው። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በሰከንድ ከ350 እስከ 400 ሜትር ይበራል። የክላሽም ጥይት ክብደቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ የክላሹ ጫፉ ሹል ነው፤ ብዙ ጊዜም ውስጡ ብረት አለበት። ሄልሜት የሽጉጥ ጥይትና ፍንጣሪ እንዲያቆም ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ጠመንጃ ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን አያወፍሩትም ይሉኛል። አንገት አይችለውማ! ልጅዎ ያደረገችው ዓይነት ሄልሜት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ማታ ማታ ከፊቱ የሌሊት መነጽር ይንጠለጠልበታል፣ እሱ ወደ ፊት እንዳይጎትት ከኋላ ማመጣጠኛ ክብደት ይጨመርበታል። ይህን ተሸክሞ የሚያድር ሰው ጠዋት አንገቱን እንዴት እንደሚያሽ መስኮቴ ላይ ሆኜ ስንቴ አይቻለሁ። ሲከብድበት ያወልቀዋል። የወለቀ ሄልሜት ደግሞ ምንም አያቆምም።

ሌላም አለ። ጥይቱ ባይበሳውም ሄልሜቱ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ጦሩ ለዓመታት ሲያድለው በኖረው፣ ኤሲኤች በሚባለው ሄልሜት ላይ የአሜሪካ ጦር በፈተና ጊዜ የሚፈቅደው ጉብጠት ከፊትና ከኋላ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጎን 16። በሄልሜቱና በራስ ቅል መካከል ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ክፍተቱን የሚጠብቁት ደግሞ ውስጥ የተለጠፉት ስፖንጆች ናቸው። ስለ እነሱ ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ።

የሚሠራበትን ነገር በአጭሩ ልንገርዎት። በ1965 ስቴፋኒ ኩዎሌክ የተባለች የዱፖን ኩባንያ ኬሚስት በኋላ ኬቭላር የተባለውን ክር አገኘች። ክሩ ተሸምኖ፣ ጨርቁ ብዙ ጊዜ ተደራርቦ፣ በሙጫና በሙቀት ተጨምቆ ቆብ ይሆናል። ፍንጣሪ ሲያርፍበት ክሮቹ ይወጠሩና ጉልበቱን ወደ ጎን ይበትኑታል። አሜሪካኖች የመጀመሪያውን የኬቭላር ሄልሜት ጦርነት ላይ ያዋሉት በ1983 ግሬናዳ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ወታደሩ «ሄልሜቴ የት አለ?» ማለት ትቶ «ኬቭላሬ የት አለ?» ሲል ትሰማለህ። አሁን አሁን የሚወጡት ደግሞ ከኬቭላር ይልቅ ፖሊኤትሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ይበዛባቸዋል። ክብደቱ ሳይጨምር ብዙ ይችላል።

በ2018 አፍጋኒስታን ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ወታደር አዲሱን ዓይነት አድርጎ ሳለ ከቅርብ ርቀት ከማጅራቱ በኩል በመትረየስ ጥይት ተመታ። ሄልሜቱ ተሰነጠቀ፣ ሰውየው ተረፈ። በ2019 ያችኑ ሄልሜት መታሰቢያ አድርገው ቨርጂኒያ ያለው ፎርት ቤልቮር የጦር ሰፈር ላይ አስረከቡት። ከእርስዎ ቤት እኮ ሩቅ አይደለም። ይህን የምነግርዎት ተስፋ እንዲያድርብዎ እንጂ «ጠመንጃ ይችላል» ለማለት አይደለም። ጥይት የሚያርፍበት ማዕዘን፣ ርቀቱ፣ የጥይቱ ዓይነት፣ ሁሉም ተገጣጥሞ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። እኔን ያሳሰበኝ ከክላሹ ይልቅ እሱ ነው። ሄልሜት ዓይን ላይ ከወረደ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ መጠኑ ልክ አይደለም፣ ወይ ፀጉሯ እየገፋው ነው። በፀጉሩ ብወራረድ ይሻለኛል። ሴት ወታደር ፀጉሯን ከኋላ ጠቅልላ ስታስረው፣ በደረቷ ተኝታ ወደ ላይ ቀና ስትል፣ ጥቅሉ ሄልሜቱን ከኋላ ይገፋዋል፣ ፊት ለፊቱ ዓይኗ ላይ ይደፋል። ዒላማ ማየት አቅቷት በአንድ እጇ ሄልሜት እየገፋች በሌላው ጠመንጃ ይዛ የምትታገል ልጅ ስንት አለች። ጦሩ በ2021 ደንቡን አላልቶ ወደ ኋላ የወረደ ሹሩባም ሆነ ወደ ኋላ የታሰረ ፀጉር ፈቅዷል። እህቴ፣ የእኛ አገር ሹሩባ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጠፍጣፋ፣ ከራስ ቅል ጋር የተጣበቀ። በሚቀጥለው ጉብኝት ሄደው ይሥሩላት፤ ከ600 ዶላሩ ሄልሜት ይህ ይበልጣል።

ከዚያ ራሷ ታስተካክለው። አሠራሩን ይንገሯት። ውስጡ ሰባት ስፖንጅ አለ፤ አንድ ክብ አናት ላይ፣ አንድ ግንባር፣ አንድ ማጅራት፣ አራት ደግሞ በጎንና በጎን። በቬልክሮ ስለሚለጠፉ እንደ ራስ ቅርጿ ታንቀሳቅሳቸዋለች። ውፍረታቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ላላ ካለ ወፍራሙን ትጠይቅ። የፊቱ ጠርዝ ከቅንድቧ በአንድ ጣት ያህል ከፍ ይበል። ማሰሪያው አራት ቦታ ይያዛል፣ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። መጀመሪያ አገጯ ላይ ያለውን ትቆልፍ፣ ከዚያ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን በእኩል ትሳብ። አስራ ስትጨርስ ራሷን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትነቅንቅ። ሄልሜቱ ከራሷ ጋር መሄድ አለበት። ራሷ ዞሮ ሄልሜቱ ከቀረ እንደገና። ደግሞ ስፖንጁ በብርድ ይደርቃል፤ ጠዋት ልክ ያልሆነ የመሰላት ሄልሜት ራስ ላይ ሞቆ ሲለሰልስ ልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ትታገሥ።

አንድ ነገር አደራ። ሙቀት ሲበረታ የአናቱን ስፖንጅ አውልቀው ኪስ የሚከቱ ልጆች አሉ። አየር ይገባል ይላሉ። ያ ስፖንጅ ከሌለ ቆቡ በቀጥታ አናት ላይ ያርፋል፣ ያ የነገርኩዎት ክፍተት የለም ማለት ነው። ሄልሜት ሲመልሱልኝ ስፖንጅ ከጎደለ፣ ሁልጊዜ የሚጎድለው የአናቱ ነበር።

ስለ ኢንተርኔቱ ዕቃ ሐሳቤን ካላወቁ አይተኙም መሰለኝ። ለመንግሥት የተሠራው እንኳ ችግር አያጣም። ቴክሳስ ቦሞንት ያለ የፌዴራል ወህኒ ቤት ፋብሪካ ለጦሩ ሄልሜት ይሠራ ነበር። ምርመራ ሲደረግ ብዙው ጉድለት ያለበት ሆኖ ተገኘ። 126,000 ገደማ ሄልሜት ተመልሶ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ውጤቱ በ2016 ለሕዝብ ወጣ። በእነዚያ ሄልሜቶች ምክንያት ሰው ስለመጎዳቱ ማስረጃ አልተገኘም፣ ተመስገን ነው። ግን ተቆጣጣሪ ያለበት ዕቃ እንዲህ ከሆነ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቀውን እርስዎ በምን ይፈትኑታል?

«ጋሽዬ፣ ዴሊቨሪ ነው የምሠራው። መርካቶ አንድ የወታደር ሄልሜት በርካሽ አገኘሁ፣ ኦሪጅናል ነው ብሎኛል ሻጩ። ጥይት የሚችል ከሆነ አስፋልት አያቅተውም ብዬ ለሞተሬ ገዛሁት። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ማን ነው ልክ?» — ባለሞተር፣ ከገርጂ

ጓደኞችህ።

ወንድሜ፣ አስፋልትና ጥይት ሥራቸው የተለያየ ነው። ጥይት ትንሽ ቦታ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጣ ነገር ነው፤ እሱን ለማቆም ጠንካራ ቆብ ያስፈልጋል። ከሞተር ስትወድቅ የሚጎዳህ ራስህ ራሱ በድንገት መቆሙ ነው። አንጎልህ ውስጥ ለውስጥ ይላጋል። ለዚያ የሚያስፈልግህ የሚጨመቅ ነገር ነው። የሞተር ሄልሜት ግለጥና ተመልከት፤ ከሽፋኑ ሥር ወፍራም ነጭ ፎም አለ። ስትወድቅ እሱ ይደቃል፣ አንተ ትተርፋለህ። አንዴ ከደቀቀ ሄልሜቱ ቢያምርም ይጣላል።

ቁጥሩን ልስጥህ። የአሜሪካ ጦር ኤሲኤችን ለግጭት ሲፈትነው በሰከንድ 3 ሜትር ፍጥነት ነው የሚጥለው። የአሜሪካ የሞተር ሄልሜት መመዘኛ ደግሞ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በሰከንድ 6 ሜትር ይጥለዋል። እጥፍ ፍጥነት፣ አራት እጥፍ ጉልበት። የወታደሩ ስፖንጅ የተሠራው መኪና ውስጥ ጣሪያ ሲመታህ፣ ስትደናቀፍ፣ ከፓራሹት ስታርፍ ለሚገጥምህ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር እየበረርክ ለቀለበት መንገድ ጠርዝ አይደለም። አገጭህም ክፍት ነው፤ ከሞተር የወደቀ ሰው ስንቴ በፊቱ እንደሚያርፍ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ደግሞም ያ ዕቃ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ስንት ፀሐይ እንደጠጣ፣ ማን እንደወደቀበት፣ ማን ቀዳዳ በስቶ መብራት እንደገጠመበት። ዳር ዳሩን በጥፍርህ ፈልግ፤ ድርቡ መላቀቅ ከጀመረ ወይም ቀለሙ አብጦ ከተነሳ ለወታደርም አይሆንም። የሠራዊት ዕቃ ይዞ ትራፊክ ፊት መቆምም ሌላ ጣጣ ነው። ሻጩ ከተቀበለህ መልስለትና ፊት የሚሸፍን የሞተር ሄልሜት ግዛ።

«ሰላም ለአንተ ይሁን ጋሼ። ታናሽ ወንድሜ ሠራዊት ውስጥ ነው። ሄልሜቱ ላይ ትልቅ የተንዘረፈፈ ጨርቅ አድርገውበታል። እናቴ ፎቶውን አይታ ‹ወጥ ቤት መደቡት እንዴ?› ብላ ስቃ አላባራችም። ጥይት ይከላከላል?» — እህት፣ ከነታንያ፣ እስራኤል

ለእማማ ሰላም በይልኝ፤ ሳቃቸው ልክ ነው፣ ያስቃል። ጨርቁ ሚትስኔፌት ይባላል፣ አንቺም ሳትሰሚው አትቀሪም። ጥይት አይከላከልም፣ መረብ መሳይ ተራ ጨርቅ ነው። ሥራው ማታለል ነው። የሰው ዓይን በቁጥቋጦና በድንጋይ መካከል ቶሎ የሚለየው ክብ ነገርን ነው። ተፈጥሮ ውስጥ እንደ ሄልሜት የተስተካከለ ክብ ብዙ የለም። ጨርቁ ያንን ክብ ይሰብረዋል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ራስ ይሁን ቅጠል አይለይም። በሁለት ፊት የሚለበስ ነው፤ አንዱ ለአረንጓዴ ቦታ፣ ሌላው ለበረሃ። ፀሐይም ይጋርዳል። ሌሎች ሠራዊቶች ሲያዩት ይስቃሉ፣ ግን እኔ በግሌ ከብዙ ውድ ዕቃ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ያለመመታት ደግሞ ከመከላከል ይቀድማል። ወንድምሽ ጨርቁን ወጥሮ ካሰረው ግን ጥቅሙ ይጠፋል። መንዘርፈፉ ነው ሥራው።

«የሰላም አስከባሪዎች ሄልሜት ለምን ሰማያዊ ሆነ? ዒላማ አያደርጋቸውም?» — ከሐዋሳ፣ በአጭር መልእክት

መታየታቸው ነው የተፈለገው። በ1956 በስዊዝ ቦይ ቀውስ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በጥድፊያ ግብፅ መግባት ነበረበት፤ ከተዋጊዎቹ መለየት አለበት። ሰማያዊ ቆብ ቢታዘዝ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ የነበረ የአሜሪካ ጦር የሄልሜት ገበር፣ ከብረቱ ሥር የሚደረገው ቀላል ቆብ ማለቴ ነው፣ በብዛት ተወስዶ ሰማያዊ ቀለም ተረጨበት። ልብ በል፣ ገበሩ ብቻ ነው፤ ብረቱ የለበትም። የመጀመሪያዎቹ «ሰማያዊ ቆቦች» ፍንጣሪ እንኳ የማያቆም ነገር ነበር ያደረጉት። ዛሬ የእኛም ልጆች የሚያደርጉት እውነተኛ ሄልሜት ነው፣ ሰማያዊው ቀለም ወይ ሽፋን ነው።

«ጋሼ፣ አያቴ ቃኘው ነበሩ። ኮሪያ ዘምተው የተመለሱበት የብረት ቆብ ቤታችን አለ። አጎቴ የአሜሪካ ነው ይላል፣ ጎረቤታችን የራሺያ ነው ይላል። በምን ይለያል? ለነገሩ የድሮው ብረት ከዛሬው ፕላስቲክ አይሻልም?» — የልጅ ልጅ፣ ከቢሾፍቱ

ከኮሪያ ከመጣ አጎትህ ናቸው ልክ። ቃኘው በሜይ 1951 ፑሳን ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተመደበው፤ ትጥቁም አሜሪካዊ ነበር። ቆቡ ኤም-1 ይባላል። አሜሪካኖች በ1941 ያጸደቁት ነው፣ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ አልተለያቸውም።

ገልብጠህ እየው። ኤም-1 ሁለት ቆብ ነው። ውጪው ብረት፣ ውስጡ የሚወልቅ ገበር፤ ገበሩ ሙጫ በጠጣ የጥጥ ጨርቅ የተሠራ ነው። ከላይ ለሐዋሳው አንባቢ የነገርኩት ገበር ይኸው ነው። ብረቱ ብቻውን ሲቀር ወታደሩ ይታጠብበታል፣ ጺሙን ይላጭበታል፣ ውሃ ይቀዳበታል። የአያትህ ጓዶችም ይህን ሳያደርጉ አልቀሩም። ጠርዙ ዙሪያ የሚሄደው ቀጭን ክፈፍ የተጋጠመበትን ቦታ ፈልግ። ግጥሙ ፊት ለፊት ከሆነ እስከ 1944 መጨረሻ ገደማ የተሠራ ነው፣ ከኋላ ከሆነ ከዚያ በኋላ። የአገጭ ማሰሪያው የተያያዘበት ቀለበት ሳይንቀሳቀስ የተበየደ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከ1943 ወዲህ የሚታጠፍ ሆኗል። በቀድሞዎቹ ላይ ቀለሙ በእጅ ሲነካ ይሻክራል። የተፈጨ ቡሽ ተጨምሮበት ነው፣ ብረቱ በፀሐይ እንዳያብለጨልጭ።

በድሮ ፎቶዎች ብዙ ወታደር ማሰሪያውን ፈትቶ ከኋላ ጠምጥሞት ታያለህ። ቦምብ ሲፈነዳ ንፋሱ ሄልሜቱን ይዞ አንገት ይሰብራል የሚል ፍርሃት ነበር። በኋላ 7 ኪሎ ገደማ ጉልበት ሲያርፍበት በራሱ የሚፈታ መቆለፊያ ሠሩለት። እንዲያም ሆኖ ብዙዎች አላመኑትም፤ ሲሮጡ ሄልሜቱ እየወደቀ፣ በአንድ እጅ እየያዙት ኖሩ።

ይሻላል ወይ ላልከው፣ አይሻልም። ኤም-1 ከነገበሩ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው፤ የዛሬው ከዚያ ብዙም ሳይከብድ ኤም-1 የማያስበውን ፍንጣሪ ያቆማል። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱም ወደ ራስ ነው። ግን ለአሮጌዎቹም ፍትሕ እንስጥ። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ሄልሜቶች ከዛሬው ጋር አሰልፈው ከላይ የሚመጣ የፍንዳታ ሞገድ ሲለቁባቸው፣ ያ ስስ የፈረንሳይ አድሪያን አናት አካባቢ ከዛሬው ኤሲኤች የተሻለ ሆኖ አረፈው። አናቱ ላይ ያለው የብረት ጉብታ ሳይረዳው እንዳልቀረ ነው የገመቱት። ዛሬ ሄልሜት የሚነድፉ ሰዎች የፍንዳታ ሞገድን ገና በቅርቡ ነው በቁም ነገር የያዙት።

አደራ፣ ቀለም አትቀባው፣ በብረት ሱፍም አትፈግፍገው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፈህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፤ ቆዳውና ጨርቁ እርጥበት አይወዱም። ውስጡን በግንባር በኩል ብታየው የብረቱ መለያ ቁጥር ተመትቶበታል። ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ዘመኑን አብረን እንገምታለን። ፍላሽ ግን አታብራ፣ ብረቱ ያንጸባርቅና ቁጥሩ አይነበብም። ከጎን በአግድም ባትሪ አብራበት።